ኤከር የአንድ ቀን እርሻ ነበር

አሜሪካ የሚኖር አበሻ ኤከር የሚለውን ቃል የሚለምደው ቤት ሲገዛ ነው። ማስታወቂያው ላይ ስንት መኝታ ስንት ሻወር ከተባለ በኋላ ሎቱ 0.23 ኤከር ምናምን ይላል፣ ኤጀንቱም ሩብ ኤከር ለልጆች መሮጫ አሪፍ ነው ይልና ያልፈዋል፣ አለቀ። ቃሉ እዚህ ሲደርስ የግቢ ሳር ስፋት ብቻ ሆኗል። እኔ ገበሬ ቤት ስላደግኩ ነው መሰለኝ መሬት በቁጥር ሲነገረኝ ቶሎ የሚመጣብኝ "ስንት ቀን ይታረሳል?" የሚለው ነው፣ እና ይሄንን ይዤ የኤከርን ታሪክ ማንበብ ስጀምር ኤከር ድሮ የተፈጠረው ለዚሁ ለኔ ጥያቄ መልስ ሆኖ እንደነበር አየሁ። በሬ ተጠምዶ አንድ ቀን የሚታረስ መሬት፣ ኤከር ማለት ይሄ ነበር። እኛ ሰሜን ሸዋ ጥማድ የምንለው ማለት ነው እኮ።

ያደግኩት ሞረትና ጅሩ ነው፣ እነዋሪ አካባቢ። እዛ ሰው "ሦስት ጥማድ ስንዴ ዘራሁ" "የዘንድሮ ምስር ጥማዱ ይሄን ያህል ኩንታል ሰጠ" ነው የሚለው፣ ሄክታር የሚለው የግብርና ባለሙያ ሲመጣ ብቻ ነው። ጥማድ ሁለቱ በሬዎችም ናቸው፣ ሁለቱ በሬዎች በቀን የሚጨርሱት መሬትም ነው፣ አንድ ቃል። በመንግሥት ስሌት ሩብ ሄክታር ይባላል፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ገደማ፣ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር። ግን አጎቴ ጋ ደውዬ "ጋሼ፣ ጥማድ ስንት ሜትር በስንት ሜትር ነው?" ስለው "በማን በሬ?" ነው ያለኝ። ቀጠል አድርጎ ደግሞ "መረሬው ላይ ነው ቀዩ አፈር ላይ?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የጅሩ መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር ማለት ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና እንደ ድንጋይ ነው፣ ሲርስ ደግሞ ማረሻው ላይ ተለጥፎ አይለቅም፣ ውሃው ካልወረደለት ሰብል ስለሚበሰብስበት ሰው በእጁ ጭምር አፈር እየዛቀ መደብ ያወጣለታል፣ እና እሱ መሬት ላይ በሬው በቀን የሚሸፍነውና ቀለል ያለ አፈር ላይ የሚሸፍነው እኩል ሊሆን አይችልም። ጥማድ የሚለው መለኪያ ይሄን ሁሉ ውስጡ ይዟል፣ አፈሩን፣ በሬውን፣ የሰውየውን ጉልበት።

የእንግሊዞቹም መጀመሪያ እንደዚህ ነበር። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ የታረሰ ማሳ ማለት ነው፣ ላቲኑ አገር... ማለቴ "አጌር" ከሚለው፣ የእርሻ ሙያ በፈረንጅ ቋንቋ አግሪካልቸር የሚባልበት ቃል ማለት ነው፣ ከሱ ጋር ዘመዳም ነው። ቀስ በቀስ የአንድ ቀን እርሻ መለኪያ ሆነ፣ እና በየአካባቢው ይለያይ ነበር፣ ወደ 1300 እ.ኤ.አ. ገደማ በንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ዘመን በሕግ ልክ ከወጣለት በኋላ እንኳ የአየርላንዱ ኤከር 7,840 ካሬ ያርድ ነበር የእንግሊዙ 4,840፣ የስኮትላንዱ ደግሞ በመሀል። ባንድ ስም ሦስት መሬት። በመላ ግዛቱ አንድ ልክ ብቻ ይሁን ተብሎ ሕግ የወጣው በ1824 ነው። ዛሬ ኤከር ሲባል እንግዲህ 4,047 ካሬ ሜትር ነው፣ የኛን ጥማድ አንድ ከግማሽ እጥፍና ትንሽ ፈቅ ይላል።

ለምን የነሱ የአንድ ቀን እርሻ ከኛ በለጠ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ በጣም የሚጥመኝ፣ ምክንያቱም መልሱ ያለው በሬው ቁጥርና ማረሻው ላይ ነው። እንግሊዝን የወረሩት ኖርማኖች በ1086 እ.ኤ.አ. ያገሩን ሀብት ሲያስቆጥሩ መሬቱን የቆጠሩት ስንት ማረሻ ያርሰዋል እያሉ ነው፣ አንዱ ማረሻ ደግሞ በስምንት በሬ የሚሳብ ተደርጎ ነበር የሚታሰበው። ስምንት በሬ! ያ ማረሻ ከባድ ነው፣ ጭቃማውን የሰሜን አውሮፓ አፈር ቆርጦ ወደ አንድ ጎን ይገለብጠዋል። የኛ ደግሞ አፈሩን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገለብጠውም፣ ለዛ ነው መጀመሪያ በቁመት የታረሰው ቀጥሎ በአግድም ካልታረሰ የማይሆነው፣ ይገመሳል፣ ይደገማል፣ ይሰለሳል፣ ለጤፍ ከሆነ ከዛም በላይ ይሄዳል። ግን የኛ ማረሻ ቀላል ነው፣ ገበሬው ማታ ቤቱ ሲገባ ሞፈሩን ቀንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎት ነው የሚሄደው፣ ሁለት በሬም ማሳው ዳር ላይ ያለ ችግር ይዞራል።

ስምንት በሬ ግን አይዞርም። ማለቴ ይዞራል ግን ጣጣ ነው፣ ቦታም ይፈልጋል ጊዜም ይበላል። ስለዚህ ገበሬው መዞር እንዲቀንስለት ትልሙን አስረዘመው። የኤከር መደበኛ ቅርጽ የመጣው ከዚህ ነው፣ ርዝመቱ 220 ያርድ ማለትም 200 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 22 ያርድ ማለትም 20 ሜትር ገደማ፣ ቀጭን ረጅም ማሳ። ርዝመቱ ፈርሎንግ ይባላል፣ የትልም ርዝመት ማለት ነው በቀጥታ፣ በሬዎቹ ትንፋሽ ሳይወስዱ የሚስቡት አንድ ጉዞ። ፈርሎንግ እስከ ዛሬ በፈረስ ውድድር ላይ ይሠራበታል። ከዛ ደግሞ በ1593 በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን ማይል ስምንት ፈርሎንግ ይሁን ተባለ፣ ማይል 5,280 ጫማ የሆነውም ለዚህ ነው፣ ቁጥሩ እንዲህ የተሰባበረው ማሳው እንዳይነካ ማይሉ ወደ ትልሙ ስለመጣ ነው። እኔ 95 ሀይዌይ ላይ እየነዳሁ ቀጣዩ መውጫ 2 ማይል የሚል ታፔላ ሳይ እነዚያ በሬዎች ትዝ ይሉኛል፣ የምሬን ነው። አንድ ሺህ ዓመት ሊሞላቸው ምን ቀራቸው፣ አሁንም መንገድ የምንለካው በነሱ እስትንፋስ ነው።

ስለ አራሹ ሰውዬም የተረፈ ነገር አለ። ከ1000 ዓመት በፊት ገደማ አንድ እንግሊዛዊ መነኩሴ ለተማሪ ልጆች ላቲን ማስተማሪያ እንዲሆነው ጥያቄና መልስ ጽፎ ነበር፣ መልስ ሰጪዎቹ የየሙያው ሰዎች ናቸው፣ እረኛው፣ አሳ አጥማጁ፣ ነጋዴው። አራሹ ሲጠየቅ የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው፣ ሲነጋ በሬዎቼን ነድቼ እወጣለሁ፣ ክረምቱ ምንም ቢከፋ ጌታዬን ስለምፈራ ቤት መዋል አልደፍርም፣ በሬውን ጠምጄ ማረሻውን አስሬ በየቀኑ አንድ ሙሉ ኤከር ወይም ከዛ በላይ ማረስ አለብኝ። ረዳት አለህ ወይ ሲባል በሬውን በመውጊያ የሚነዳ ልጅ አለኝ፣ እሱም ከብርዱና ከጩኸቱ የተነሳ ድምፁ ተዘግቷል ይላል። ሥራህ ከባድ ነው ሲባል ደግሞ አዎ ከባድ ነው፣ ነፃ ሰው አይደለሁምና ይላል። እኔ ይሄን ሳነብ የልጁ ነገር ነው ልቤን የነካው። በሬ እየነዳ በጩኸት ድምፁ የጠፋ ልጅ ጅሩ ውስጥ ማንም ያውቀዋል፣ በሐምሌ ዝናብ ኩታ ተጠቅልሎ ትልም ለትልም የሚከተል ልጅ፣ ወንድሞቼ እንደዛ ነበሩ። እና እዛ መልስ ውስጥ ኤከር ስፋት አይደለም፣ ግዴታ ነው። የዕለት ሥራ ኮታ ነው።

ርቀቱን ደግሞ አሰብኩት። አንድ ትልም 9 ኢንች ስፋት ቢኖረው አንድ ኤከር ለማረስ ሰውየው 11 ማይል ይሄዳል፣ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ማረሻ እየተጫነ፣ ጭቃ ውስጥ። የኛን በየ20 ሳንቲሜትሩ ትልም ይወጣል ብለን ብናሰላው ጥማዱ 12 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። ይሄ አንዱ ዙር ነው። ጤፍ የሚዘራበት መሬት አራት ጊዜ ቢታረስ ባንዷ ጥማድ ላይ ብቻ 50 ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄዷል፣ ገና ዘር ሳይነካ፣ ገና አረም ሳይመጣ። እንጀራ ስንበላ ይሄን ማንም አይነግረንም።

ሮማውያንም ነበራቸው፣ ዩገረም ይሉታል፣ ዩገም ከሚለው ቀንበር ከሚለው ቃላቸው የወጣ፣ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ብለው ጽፈውታል ራሳቸው። ስፋቱ ሲሰላ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ወደ 2,520 ካሬ ሜትር። ጥማድ ማለት ነው በቃ፣ ልዩነቱ የአንድ ክፍል ስፋት ቢሆን ነው። የሮም ገበሬ ከሸዋ ገበሬ አልሰማም፣ የሸዋም ከሮም፣ ግን ሁለቱም ያላቸው ሁለት በሬና አፈር የሚሰነጥቅ ቀላል ማረሻ ስለነበር ቀኑ ሲያልቅ እግራቸው የቆመው አንድ ቦታ ነው። እንግሊዙ ብዙ በሬ ስለጠመደ ራቅ አለ። ለኔ ይሄ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ በላይ የሚናገር ነገር ነው፣ የመሬቱን ስፋት አይተህ ስንት በሬ እንደነበራቸው መገመት ትችላለህ።

ከሁሉም ግን ያስደነቀኝ ኢሳይያስ ነው። ምዕራፍ 5 ላይ ቤትን ከቤት ጋር ለሚያያይዙ፣ ለሌላው ስፍራ እስኪጠፋ ድረስ እርሻን ከእርሻ ለሚያቀራርቡ ወዮላቸው ይላል አይደል፣ ከዛ ቀጥሎ የአሥር ይሄን ያህል ወይን ቦታ የሚሰጠው ትንሽ ብቻ ይሆናል ይላል። በ1611 የወጣው የእንግሊዞቹ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ጋ አሥር ኤከር ብሎ ተርጉሞታል። ዕብራይስጡ የሚለው ጸመድ ነው። ጸመድ! የትግርኛው ጽምዲ፣ የግዕዙ ፅምድ፣ የኛው ጥማድ፣ ሁሉም ያው አንድ ሥር ናቸው፣ ማጣመድ ጥንድ ማድረግ ነው። የትግራይ ገበሬ ዛሬም መሬቱን በጽምዲ ነው የሚቆጥረው። የነቢዩን ቃል ለመረዳት እንግሊዙ ኤከር ብሎ ካገሩ ቃል መፈለግ ነበረበት፣ የኛ ገበሬ ግን ሰምቶት ወዲያው ያውቀዋል፣ አሥር ጥማድ ስንት ቀን እንደሚፈጅም ያውቃል። ነቢዩ የሚቆጣው ደግሞ መሬት በሚያከማቹ ሰዎች ላይ ነው፣ እነሱ በሬ ጠምደው አያውቁም፣ ግን ያከማቹትን ሲነግራቸው በአራሹ መለኪያ ነው የነገራቸው። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ኢስራኤል ያሉ ወገኖቻችን መሬት ሲባል የሚሰሙት ዱናም ነው፣ እሱም ከቱርክ የቀረ ነው፣ መዞር ከሚለው ቃል፣ መነሻው ያው በቀን የሚታረስ መሬት ነበር፣ አሁን ድፍን 1,000 ካሬ ሜትር ተደርጓል። ጎንደር እያሉ ብዙዎቹ ርስት ስለማይፈቀድላቸው የሰው መሬት በጭሰኝነት አርሰው ወይም በብረትና በሸክላ ሥራ ነው የኖሩት፣ ስለዚህ ጥማድን እንደ ሥራ ያውቁታል እንጂ የኔ የሚሉት ስፋት አልነበረም።

እንግዲህ መለኪያው ከሥራው የተለየው መቼ ነው? ለእንግሊዞቹ ቁርጥ ያለ ነገር አለ፣ ሰንሰለት ነው። በ1620 ኤድመንድ ጉንተር የሚባል የሒሳብ ሰው 66 ጫማ ርዝመት ያለው መቶ ቀለበት ያለው ሰንሰለት አስተዋወቀ፣ አሥር ካሬ ሰንሰለት አንድ ኤከር ይሆናል፣ ሒሳቡ በጣም ቀላል ነው፣ ጎበዝ ሰው ነው የሠራው። ከዛ በኋላ ኤከር ለማወቅ በሬም አራሽም አያስፈልግም፣ ሁለት ሰው ሰንሰለት ጎትቶ ከተራመደ በቃ። ማንም ያላረሰው ጫካ፣ ማንም ሊያርሰው የማይችል ገደል፣ በኤከር መንገር ቀላል ሆነ። መሬት ሳያዩት የሚሸጥና የሚገዛ ሆነ። አሜሪካ ከ1785 ጀምሮ አብዛኛውን ምዕራብ በዚህ ሰንሰለት አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጋ ከፋፈለችው፣ አንድ ካሬ ማይል 640 ኤከር፣ እዛ ይኖሩበት የነበሩትን ሕዝቦች ማንም አልጠየቃቸውም፣ ዛሬ በአውሮፕላን መሀል አገሩን ስታቋርጡ የምታዩት ያ ሁሉ ካሬ እሱ ነው።

የኛ ሰንሰለት ደግሞ ቀላድ ነው፣ የመሬት መለኪያ ገመድ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በሸዋና በተለይ በደቡብ መሬት በቀላድ ተለካ፣ በጋሻ ተቆጠረ፣ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው፣ በለምነቱም ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ለግብር ተመደበ። ጋሻ የሚለውን ቃል አስቡት፣ የጦር ዕቃ ነው። ጥማድ ላይ ያለው በሬ ነው፣ ጋሻ ላይ ያለው ግን ወታደር ነው፣ እና በብዙ ቦታ ቀላድ ተጣለ ማለት አርሶ የሚበላው ሰው ጭሰኛ ሆነ ማለት ነበር። ሽማግሌዎች ቀላድ ሲሉ ድምፃቸው የሚለወጠው ዝም ብሎ አይደለም። በሰሜኑም ፍርሃቱ ነበር፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ያመፀው ከግብሩ እኩል መሬታችን ሊለካ ነው ብሎ ነው፣ ከተለካ ርስቱ ይሄዳል ብሎ ስላመነ። ጦር ተልኮም አልበረደም፣ መጨረሻ ላይ ገዢው ተነሥቶ ውዝፉ ግብር ተምሮ ነው የተረጋጋው። ይሄን ነገር ዘመናዊነትን መጥላት አድርገው የሚያዩት አሉ፣ እኔ አልስማማም። ገበሬው ልኬት ማን እጅ ላይ እንዳለ በደንብ ያየ ሰው ነው። በጥማድ ሲቆጠር የሚያውቀው እሱ ነው፣ በገመድ ሲቆጠር የሚያውቀው ገመዱን የያዘው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ኤከር ከሥራ ጋር እንደገና የተገናኘበት አንድ ጊዜ አለ፣ ባጭሩ የተቀጨ። በጃንዋሪ 16 ቀን 1865 እ.ኤ.አ. በእርስ በርስ ጦርነቱ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል የነበረው ሸርማን ቁጥር 15 የተባለውን ትዕዛዝ አወጣ፣ ከሳውዝ ካሮላይና ባሕር ዳርቻ እስከ ፍሎሪዳ ያለው የሸሹ ባለርስቶች መሬት ከባርነት ለወጡት ጥቁሮች እንዲሰጥ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ40 የማይበልጥ ሊታረስ የሚችል ኤከር። ሰው "አርባ ኤከርና አንድ በቅሎ" እያለ የሚያነሳት በቅሎ ትዕዛዙ ውስጥ የለችም፣ በኋላ ነው ሠራዊቱ የማይፈልጋቸውን እንስሳት መስጠት ሲጀምር ከቃሉ ጋር ተጣብቃ የቀረችው፣ ግን ሕዝቡ አንድ ላይ ማስታወሱ ትክክል ነው፣ መሬት ያለ መጎተቻ እንስሳ ምን ይሆናል። ወደ 40,000 የሚሆኑ ሰዎች ሰፈሩ፣ አረሱ። ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ሻረውና መሬቱ ለድሮዎቹ ባለቤቶች ተመለሰ። በዚያው ዘመን፣ በ1862 በወጣ ሕግ፣ ለማረስና ለመኖር ቃል ለገባ ሌላ ሰው 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፣ ብዙው የደረሰው ለነጭ ነው። የኛም ትውልድ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መሬት ላራሹ ብሎ ሲወጣ ያነሳው ይሄንኑ ነው፣ ላራሹ፣ ለሚያርሰው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይበልጥም አለ፣ 40 ጥማድ ማለት ነው፣ ይሄን ያህል ጥማድ የደረሰው ገበሬ እኔ ባደግኩበት አላየሁም፣ ሲከፋፈል ለሰው የደረሰው ጥቂት ነው።

ዛሬ እዚህ አሜሪካ አማካዩ እርሻ በ2022ቱ ቆጠራ 463 ኤከር ነው። 60 ጫማ ስፋት ያለው መዝሪያ በሰዓት 5 ማይል ቢሄድ በሰዓት 36 ኤከር ይሸፍናል፣ መዞሪያውን ሳንቆጥር። ያ ነፃ ያልሆነው ሰውዬ ከንጋት ጀምሮ የሚለፋበት ኤከር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ይሄ ክፉ ነገር ነው አልልም፣ ድምፁ የተዘጋው ልጅ ትምህርት ቤት ይዋል። ግን ቃሉ ያው ሆኖ ውስጡ ያለው ቀን ከወጣ በኋላ መሬት በኤከር ለሚሰማው ሰው ምንም ድካም አይሰማውም፣ ዋጋ ብቻ ነው የሚሰማው።

እስካሁን ለጥማድ ሳደላ ነው የቆየሁት፣ አክስቴን ካላነሳሁ ግን ጽሑፉ ጎደሎ ነው። አክስቴ ባሏ የሞተባት ልጆቿ ገና ትንንሽ እያሉ ነው። መሬት አላት፣ በሬ ግን የላትም። ጥማድ በሚባል መለኪያ የሚኖር አገር ውስጥ በሬ የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን እሷ ታውቀዋለች። ወንዱ አንድ በሬ እንኳ ካለው ካንዱ ጎረቤት ጋር መቀናጆ ይገባል፣ ያንተን በሬ ከኔ ጋር እንጠምድና ዛሬ ላንተ ነገ ለኔ ይባላል። ሴት ግን እንደኛ አገር ልማድ እርፍ ስለማትይዝ በሬ ብታገኝም አራሽ መፈለጓ አይቀርም። ስለዚህ መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች፣ አራሹ መጀመሪያ የራሱን ያርሳል፣ የሷ ተረኛ ሲሆን ዝናቡ አልፏል፣ በመኸር ደግሞ ግማሹን ይዞ ይሄዳል። ድንበሩም እንደዚሁ፣ ያረሰው ሰው ነው ድንበሩን የሚያውቀው፣ በየዓመቱ አንድ ትልም ገባ ቢልባት ሄዳ የምትከራከረው በምን ነው? ጥማዱ ያው ጥማድ ነው ይላታል። አጎቴ የሚኮራበት "በማን በሬ?" የሚለው ነገር ለሷ ሁልጊዜ በሰው በሬ ነበር።

ለዚህ ነው ልኬቱ ሲመጣ አክስቴ ደስ ያላት፣ እና እኔ ስለ ቀላድ ያነበብኩትን ሁሉ ይዤ ልቃወም ብል አፍ የለኝም። መጀመሪያ የመጣው የይዞታ ደብተር በገመድና በጎረቤት ምስክርነት ነበር፣ በኋላ ግን ከአየር የተነሳ ፎቶ ይዘው መጡና ማሳው ላይ ቆማ ድንበሯን በጣቷ አሳየች፣ ካርታ ወጣለት፣ በአማራ ክልል ደብተሩ ላይ ባልና ሚስት ካሉ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፋል፣ እሷ ብቻዋን ስለሆነች የሷ ብቻ ተለጠፈ። ሰንሰለቱን የጎተተው ሰው ለመንጠቅ ሳይሆን ለመጻፍ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ትልም የሚገፋው ሰውም ወሰኑ ላይ ድንጋይ ከተተከለ ወዲህ ትቶታል።

ደብተሩ ግን በሬ አልሰጣትም፣ እሱ ችግር እንዳለ ነው። ዘንድሮ ሰፈሩ በክላስተር ስንዴ ሊዘራ ስለተስማማ ትራክተር በኪራይ መጥቷል፣ ኪራዩ በሄክታር ነው የሚከፈለው፣ በቅድሚያ። አክስቴ ትምህርት ካልገፋው ትንሹ ልጇ ጋር ቁጭ ብላ አሰበችው፣ ደብተሩ ላይ የተጻፈውን ስፋት በኪራዩ አባዝተው፣ ለእኩል አራሽ ከሚሄደው ግማሽ ምርት ጋር አስተያይተው፣ ማዳበሪያውን ጨምረው ቀንሰው፣ ማታ ሲደውሉልኝ ሒሳቡን አንድ በአንድ ነገሩኝ፣ ትራክተሩ ያዋጣል ብለዋል። ያጠራትን የኪራይ ብር እኔ ልኬያለሁ፣ ለአንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት።